ፈሪ ለናቱ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ጊዜ የሌላችሁ ላይክ አድርጋችሁ እለፉ፣ አልቀየምም። ጊዜ ያላችሁ ግን ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ከመካከላችሁ አንዷን ይቅርታ የምጠይቅበት ጽሑፍ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የጀመረው ጀልባ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አገር ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለጉብኝት ሄድን። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን፣ የግድግዳውን ሥዕል አየን፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ተንሸራሸርን። ልጆቹ ዳቧቸውን በሉ፣ ፎቶ ተነሱ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ስንመለስ ግን ሐይቁ መሀል ላይ የጀልባው ሞተር ቀጥ አለ። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ንፋሱ ተነስቷል፣ ማዕበሉ ጀልባዋን ወዲያና ወዲህ ያላጋታል። ነጂው ገመዱን ይጎትታል፣ ሞተሩ ያጓራና ይጠፋል። ይጎትታል፣ ያጓራል፣ ይጠፋል።

እኔ ኃላፊ ነኝ። የልጆቹ ስም ዝርዝር እኔ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ከየወላጁ አደራ ተቀብዬ ነው የወጣሁት። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰው መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ማን መሰላችሁ? ቲቸር! የወንበሩን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አንዲት ተማሪ ጠጋ አለችና «ቲቸር አይዞዎት፤ ዋና ይችላሉ አይደል?» አለችኝ። «አልችልም» ማለት አፈርኩ። «ትንሽ ትንሽ» አልኳት።

ውሸቴን ነው። ተወልጄ ያደግኩት ከጣና ዳር በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ሰፈር ነው። ጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፣ ዓባይ ከእሱ ይወጣል እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ያን ዕለት ዕድሜዬ ሠላሳ ሦስት ነበር። ከጉልበቴ በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም።

ሞተሩ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተነሳ። ማንም ምንም አልሆነም። ልጆቹ እየዘፈኑ ገቡ። እኔ ግን ወደብ ስንደርስ አንድ ነገር አየሁ፤ ጀልባው ላይ የነበረው የነፍስ አድን ጃኬት ለልጆቹ ግማሽ እንኳን አይበቃም ነበር። ስንሳፈር አልቆጠርኩትም። ውሃ እንደዚያ የምፈራ ሰው፣ ጃኬት መቁጠር ትዝ አላለኝም። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አስተዳደጌን ትንሽ ልንገራችሁ። አባቴ የሞተው አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች፣ አንዳንዴም ጠላ እየጠመቀች ነው ያሳደገችን። የእናቴ ትምህርት ቤት አንድ ሕግ ነው ያለው፤ «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።» ሐይቅ ዳር አትሂድ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ዛፍ ላይ አትውጣ። ከእነዚያ ልጆች ጋር ኳስ አትጫወት፣ እግርህን ይሰብሩሃል። የማታውቀው ሰው ቤት አትብላ። መምህር ሲጠይቅ እርግጠኛ ካልሆንክ ዝም በል፣ ሰው ይስቅብሃል። ብስክሌት አትንዳ። ብስክሌት አትንዳ፣ በባሕር ዳር! ሴት ወንዱ፣ ሕፃን ሽማግሌው ብስክሌት በሚነዳበት ከተማ እኔ እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ በእግሬ ነው የሄድኩት።

የሰፈር ልጆች ከት/ቤት መልስ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ወደ ውሃው ሲንቦጫረቁ እኔ ልብስ ጠባቂ ነበርኩ። እውነቴን ነው፣ ሹመቴ እሱ ነበር። «እሱ አይገባም፣ እሱ ይጠብቅልን» ይላሉ። ሲወጡ ደግሞ «ፈሪ ለናቱ!» ብለው ይስቁብኛል። ተረቱን ታውቁታላችሁ፤ ደፋሩ ሲቀር ፈሪው በሕይወት ተርፎ ለእናቱ ይተርፋል ነው ነገሩ። እኔ ግን ሲሰድቡኝ እንኳን ደስ ይለኝ ነበር፤ ለእናቴ መትረፍ ምን ነውር አለው?

ልጅ ሆኜ የለበስኩት ነገር ግን ሳድግም አብሮኝ አደገ። በዲፕሎማ ተመርቄ ማስተማር ጀመርኩ። ጓደኞቼ በክረምት ትምህርት ዲግሪያቸውን ሲጭኑ እኔ «ቢከብደኝስ?» እያልኩ ዓመት ቆጠርኩ። ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ ሲገኝ «እዚሁ ይሻለኛል» አልኩ። በገዛ ሰርጌ ቀን እንኳን ትከሻዬን አልነቀነቅኩም፤ ሚዜዎቼ እስክስታ ሲመቱ እኔ እንደ ታቦት ቆሜ አጨበጨብኩ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ቪዲዮውን እያየች ትስቃለች። ሰው ሲጠይቀኝ «እኔ ጥንቁቅ ነኝ» እላለሁ። ቃሉ ያምራል። ለብዙ ዓመት ከጀርባው ተደብቄበታለሁ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። በዚህ በፌስቡክ መንደር እናት አባትን መውቀስ ፋሽን ሆኗል። «ወላጆቻችን በፍርሃት አሳድገው አበላሹን» የሚል ጽሑፍ በየቀኑ አያለሁ። እኔ አልስማማም። የእናቴ ፍርሃት ሞኝነት አልነበረም፣ ሂሳብ ነበር። የድሃ ሂሳብ። ሀብታም ልጅ ከዛፍ ወድቆ እጁ ቢሰበር ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ይታሸግለታል፣ በወሩ ይድናል፣ ታሪክ ሆኖ ይወራል። እኔ ብሰበር እናቴ የሳምንት እንጀራዋን ትተዋለች፣ እንጀራውን ስትተው ደንበኛ ይሸሻል፣ ደንበኛ ሲሸሽ የቤት ኪራይ ያድራል። የእኔ አንድ ክንድ መሰበር የአራት ሰው ቤት መፍረስ ነው። መጠባበቂያ የሌለው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው መሳሳት የሚችለው። ስለዚህ «አትሞክር» ማለት በእሷ ቤት ትክክለኛ መልስ ነበር። እንዲያውም እኔ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብዬ ይህን የምጽፈው በዚያ መልስ ነው።

ችግሩ ጥያቄው ተቀይሮ መልሱ ሳይቀየር መቅረቱ ነው። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፣ የካርታ መጠን ሲቀየር ያው አንድ ሴንቲ ሜትር ሌላ ርቀት ነው የሚሆነው እላችሁ ነበር። እኔ ራሴ ግን በሃምሳ ብር ቀን የተሠራ ካርታ ይዤ ነው በደመወዝ ዘመን ስዞር የኖርኩት። አሁን ደመወዝ አለኝ፤ ትንሽ ናት፣ ግን በየወሩ ትመጣለች። ባለቤቴም ትሠራለች። ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው አለ። ታዲያ ለምንድነው አሁንም እንደዚያ ልጅ ልብስ ጠባቂ የሆንኩት?

ይህንን ራሴን የጠየቅኩት በጀልባው ቀን እንዳይመስላችሁ። ሰው ቶሎ አይማርም። የጠየቅኩት በልጄ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ሐይቁ ዳር ለመናፈስ ወጣን። ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ጠጠር እየለቀመች ውሃው ላይ ትወረውራለች። ጫማዋ ጫፍ ውሃ ነካ፤ ልብ በሉ፣ ጫፉን ብቻ። እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ «ተመለሽ! ውሃ ይወስድሻል!» ብዬ ጮህኩ። ሻይ የምትሸጠው ልጅ ደነገጠች። ልጄ ጠጠሩን ጥላ እያለቀሰች መጣችና እግሬን አቀፈችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሐይቁ እንሂድ ስላት «አልፈልግም» ትላለች። ከአፌ የወጣው ድምፅ የእናቴ ነበር፣ ቃል በቃል። የእናቴ ፍርሃት ግን ምክንያት ነበረው። እኔ ለልጄ ያስተላለፍኩት ምክንያቱን ሳይሆን ጩኸቱን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ገንዳ ያለው አንድ ሆቴል ሄጄ የዋና ትምህርት ተመዘገብኩ። ክፍያው ለመምህር ኪስ ቀላል አይደለም፣ ከዕቁቤ ነው ያወጣሁት። አሠልጣኙን ሳይ ግን ተመልሼ ልወጣ ነበር። የገዛ ተማሪዬ ነበር! ስሙን አልጠራም፣ እዚህ ያነበዋል። በእኔ ትምህርት ከ10 ሁለት ያመጣ፣ መስኮት መስኮት ሲያይ ጆሮውን ስንት ጊዜ የቆነጠጥኩት ልጅ። «ቲቸር! ልጅ ይዘው መጡ?» አለኝ። «አይ፣ ለራሴ ነው» አልኩት። አልሳቀም። ይህንን መቼም አልረሳለትም። «እሺ ቲቸር፣ እዚህ ጋ ይቀመጡና መጀመሪያ እግርዎን ያርጥቡ» ብቻ አለኝ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው አያምርም። ዙሪያዬን የስምንት የዘጠኝ ዓመት ልጆች እንደ ዓሣ ይጠላለፋሉ፣ እኔ የገንዳውን ጠርዝ እንደ ታቦት ዕቃ ይዤ ቆሜያለሁ። ውሃው ደረቴ ድረስ ነው። ደረቴ! ቆሜ መራመድ የምችልበት ውሃ ውስጥ እሰምጣለሁ ብዬ ስንቀጠቀጥ አንድ ሕፃን «አባባ፣ እግርዎ መሬት ይነካል እኮ» አለኝ። አባባ!

የመጀመሪያው ትምህርት መዋኘት አይደለም፣ መተንፈስ ነው። ፊትህን ውሃ ውስጥ ትከታለህ፣ በአፍንጫና በአፍህ አየሩን ቀስ ብለህ ታወጣለህ፣ ቀና ብለህ ትስባለህ። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ነበር የምገባው፣ እንደ ፈሪ ሁሉ ያለኝን ላለመልቀቅ። ካላወጣህ ደግሞ ቀና ስትል የምትስብበት ቦታ የለህም። ሁለተኛው ትምህርት መንሳፈፍ ነው። እዚህ ላይ ነው ሳምንታት የፈጀሁት። ሰውነት ሳንባው አየር ሲይዝ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህንን በመጽሐፍ አውቃለሁ። ግን በተኛሁ ቁጥር እግሬ ወደ ታች ይሄዳል። ልጁ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤ «ቲቸር፣ እንዳይሰምጡ ብለው ጭንቅላትዎን ቀና ያደርጋሉ። ጭንቅላት ቀና ሲል ዳሌና እግር ይወርዳል። የሚያሰምጥዎት ላለመስመጥ የሚያደርጉት ነገር ነው።» ከ10 ሁለት የሰጠሁት ልጅ ነው ይህንን ያለኝ።

ወዲያው ቻልኩ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። በሦስተኛው ሳምንት ውሃ በአፍንጫዬ ገብቶ አንገበገበኝና «በቃኝ» ብዬ ወጣሁ። ለሁለት ሳምንት አልተመለስኩም። ለባለቤቴ «ሥራ በዛ» አልኳት። እሷም ታውቃለች፣ እኔም ታውቃለች ብዬ አውቃለሁ። የመለሰኝ የተከፈለው ገንዘብ ነው፤ ጀግንነት አይደለም። የድሃ ልጅ ገንዘብ ሲባክን አያይም። አሁን አሥራ አምስት ሜትር እዋኛለሁ። አዋዋኔ አያምርም፣ ዶሮ ውሃ ውስጥ ስትወድቅ አይታችሁ ከሆነ እንደዚያ ነው። ግን እደርሳለሁ።

መሳቅን በተመለከተ አንድ ትዝታ አለኝ። በ2008 ዓ.ም. የሪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ከሁሉም የመጨረሻ ሆኖ ሲገባ ዓለም ሳቀበት፣ እኛም ሳቅንበት። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለ አመራረጡ የተነሳው ክርክር ሌላ ጉዳይ ነው፣ አልገባበትም። ግን ልጁ 100 ሜትሩን ከ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ባልራቀ ጊዜ ነው የጨረሰው። እኔ ዛሬ አሥራ አምስት ሜትር ላይ ነፍሴ ልትወጣ ስትደርስ ያ ሳቄ ትዝ ይለኛል። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ከሳቅነው መካከል ገንዳውን ተሻግሮ የሚወጣ አንድ ሰው እንኳን አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ የሚስቀው ልብስ ጠባቂው ነው።

አሁን ወደ ክፍል ልመለስ፣ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። መምህራን ሁሉ የሚያውቁት ዝምታ አለ። «ማን ይመልሳል?» ትላለህ፤ ስድሳ ልጅ ዓይኑን ደብተሩ ላይ ይተክላል። መልሱን የሚያውቁት እንኳን እጃቸውን አያወጡም። እኔ ለዓመታት «የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው» ስል ነበር። አሁን ግን አውቀዋለሁ፤ ያ ዝምታ የእናቴ ቤት ዝምታ ነው። «እርግጠኛ ካልሆንክ ዝም በል።» ደግሞ እኔ ራሴ አጽንቼዋለሁ። አንዱ ተሳስቶ ሲመልስ «ቁጭ በል!» እላለሁ፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ያ ልጅ ያን ዓመት እጁን ዳግም አያወጣም። ስንቱን እንደዚያ አስቀመጥኩት? ከእናንተ መካከል «ቁጭ በል» ያልኳችሁ ብዙ ናችሁ። ይቅርታ።

አንዷን ግን ለብቻዋ ይቅርታ ልጠይቅ። ስሟን አልጽፍም፣ ካነበበችው ታውቀዋለች። ጎበዝ ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ አንድ ጥሩ አዳሪ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና እንዳለ ሰምታ፣ ቤተሰቦቿ ቢያመነቱም እሷ መፈተን ፈልጋ፣ ምክር ልትጠይቀኝ ማረፊያ ክፍል ድረስ መጣች። ወላጆቿ «መምህርህ ያለውን እንሰማለን» ብለዋት ነበር። እኔ ምን አልኳት? «አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ሴት ልጅ ነሽ። ካላለፍሽ ደግሞ ሞራልሽ ይነካል። እዚሁ ብትማሪ ይሻላል።» እሺ ቲቸር ብላ ሄደች። አልተፈተነችም። ዛሬ ሥራ ይዛለች፣ ወልዳለች፣ ስታገኘኝ በአክብሮት ሰላም ትለኛለች፣ አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ምናልባት ብትፈተንም ላታልፍ ትችል ነበር፤ አላውቅም። የእኔ ጥፋት አለማወቃችን ነው። ፈተናው እንዲመልስልን መተው ያለብንን ጥያቄ የእኔ ፍርሃት መለሰልሽ። ከጥንቃቄ የመነጨ ምክር መስሎኝ ነበር። አልነበረም። እህቴ፣ ይቅርታ።

አሁን ያቺን የነፍስ አድን ጃኬት ነገር ልመልስላችሁ። ፍርሃትና ጥንቃቄ አንድ አይደሉም፤ እኔ ይህንን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ። ጥንቁቅ ሰው ጀልባ ላይ ሲወጣ ጃኬት ይቆጥራል፣ ይለብሳል፣ ያስለብሳል፤ ከዚያ ደስ ብሎት ይሄዳል። ፈሪ ሰው ጃኬት አይቆጥርም፤ ብረት ጨብጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ጥንቃቄ ጥያቄ አለው፤ ምን ያህል ጥልቅ ነው? ማን አብሮኝ አለ? ብወድቅ ምን አደርጋለሁ? ፍርሃት ግን አይጠይቅም፣ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ ይቅር። እውነተኛ ጥንቃቄ ብኖረኝ ኖሮ ለዚያች ልጅ «ፈተናው መቼ ነው? የት ታርፊያለሽ? ወላጆችሽን ላናግርልሽ?» እላት ነበር።

እናቴን ረስቻት እንዳልጨርስ። ዋና መማሬን ለወራት ደበቅኳት። በመጨረሻ የነገረቻት ልጄ ናት፣ «አያቴ፣ አባዬ እኮ ይዋኛል» ብላ። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር። አክምባሎውን ከደነች፣ ዝም አለች። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ሁለት እንጀራ አውጥታ ሦስተኛውን ስታሰፋ ጀመረች።

ታናሽ ወንድሟ ውሃ እንደወሰደው ሁልጊዜ ሰምቻለሁ። «አጎትህን ውሃ ወሰደው» ይባላል፣ በቃ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያን ቀን ሙሉውን ነገረችኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ወንዝ ወርዳ ልብስ ታጥባለች፣ ወንድሟን ጠብቂ ተብላለች። የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ድንጋይ አዳልጦት ጥልቁ ቦታ ገባ። «ሁለት ክንድ ነው የሚርቀኝ ልጄ» አለችኝ። «እጄን ዘረጋሁ፣ አልደረስኩም። ልግባ አልኩ፣ እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ጮህኩ። ሰው ሲመጣ አልቋል።» ከዚያ እንደገና ዝም አለች። «ወንዶቹማ ይዋኙ ነበር፤ እረኞቹ ሁሉ ይችላሉ። እኛን ሴቶቹን ማን ያስተምረናል።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ምጣዱን ወለወለችና ሳታየኝ እንዲህ አለች፤ «አንተ ባትገባ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁንም አልወደድኩትም። እሷን ግን አስተምራት።»

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ለእናቴ ያልነገርኳት። አሠልጣኛችን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማረን ነገር ነው፤ ሰው ሲሰምጥ ብታዩ፣ በተለይ ዋና ካልቻላችሁ፣ ዘላችሁ አትግቡ። መሬት ላይ ተኝታችሁ እንጨት አቀብሉ፣ ገመድ ወርውሩ፤ ገመድ ከሌለ ልብስ፣ ነጠላ። ሁለት ክንድ። እናቴ ያን ቀን ወንዝ የወረደችው ልብስ ልታጥብ ነው፤ ዙሪያዋ ሁሉ ልብስ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፣ ማንም አልነገራትም። የተነገራት «ውሃ አትጠጊ» ብቻ ነው። ፍርሃቱ ነበራት፣ ዕውቀቱ አልነበራትም። ይህንን ለእሷ አልነግራትም። ፌስቡክ አታነብም፤ የምታውቋት እናንተም እንዳትነግሩብኝ፣ አደራ።

«አንተ ገንዳ ከፍለህ ገብተህ ነው የምታወራው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ገንዳ ለሁሉም አይደርስም። «ዋና የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚለኝ ግን የእናቴ እረኞች ይመልሱለት፤ ጎንደር በጥምቀት ፋሲለደስ ገንዳ ውስጥ ዘለው የሚገቡት ወጣቶችም ይመልሱለት። ደግሞ ጉዳዩ ቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ብቻ በዓለም ላይ ወደ 300,000 ሰው ውሃ ውስጥ ሰምጦ ሞቷል፤ አብዛኛው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ለትምህርት ዕድሜ የደረሱ ልጆች መሠረታዊ ዋናና የውሃ ደህንነት ማስተማር ነው። ሐይቅና ወንዝ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች ገንዳ ባይኖራቸው እንኳን እንጨት ማቀበልና ልብስ መወርወር በደረቅ ሜዳ ማስተማር ይችላሉ። ብር አይጠይቅም። እኔ በክፍሌ ጀምሬዋለሁ፤ ጣናን ሳስተምር ከስፋቱ ቀጥሎ ይህንን አስተምራለሁ።

ሌላ ነገር እንዳይመስልባችሁ፤ ተነሱና ሐይቅ ውስጥ ዝለሉ እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ ጣና ውስጥ አልዋኝም፤ ቢልሃርዚያ አለ፣ ዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ አለ። ይህ ጥንቃቄ ነው፣ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ዘመኑም ራሱ «ተጠንቀቁ» የሚያስብል ነው፣ ታውቁታላችሁ። እኔ የምለው ስትተዉ ለምን እንደምትተዉ እወቁ ነው። የምትፈሩትን ነገር አንዴ ወረቀት ላይ ጻፉትና «ይህ አሁን ያለ አደጋ ነው ወይስ የእናቴ ዘመን አደጋ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሁን ያለ ከሆነ ጃኬታችሁን ቁጠሩ። የድሮ ከሆነ ቀስ ብላችሁ እግራችሁን አርጥቡ። እንቁላልም ቀስ በቀስ ነው በእግሩ የሚሄደው።

ለመረጃ ያህል፣ ብስክሌት ገዝቻለሁ፣ አሮጌ ናት። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ አንዴ ተማሪዎቼ ፊት። ለዲግሪም በዚህ ክረምት ተመዝግቤያለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ከተማሪዎቼ ጋር አብሬ ልማር እችላለሁ፣ ይሁን። ልጄ ትናንት ፊቷን ውሃ ውስጥ ከትታ ቀና አለችና «አባዬ፣ አወጣሁት፤ ትንፋሼን አወጣሁት!» አለችኝ። እናቴ ገንዳው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። መጥታለች፣ አዎ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በእጇ ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደያዘች ነው የተቀመጠችው። ለምን እንደያዘችው አልጠየቅኳትም።

እናንተስ? «ይቅርብኝ» ብላችሁ የተዋችሁት፣ ምክንያቱን ግን የማታስታውሱት ነገር ምንድነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ተሳስታችሁ ብትጽፉም «ቁጭ በል» አልልም።